የባዮፕሲሽን ስላይድ ለሁለተኛ ፓቶሎጂስት እንዴት ታሳያለሽ?

«የባዮፕሲ ውጤቴን ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ልሂድ?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ፓቶሎጂስት ማለት ከሰውነት የተወሰደን ናሙና፣ ማለትም ባዮፕሲውን፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለይ ሐኪም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ናሙና በሰም እሞላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አቀልማለሁ። ስላይድ ለሚወስዱ ሰዎች በመስኮት የማስረክበውም እኔ ነኝ። መልሴ ሁሌ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱ አንድ ሰው ያየውን የጻፈበት ነው። ሁለተኛው ሰው ማየት ያለበት መስታወቱንና ሰሙን ራሱን ነው።

ብዙዎች ሁለተኛ አስተያየት ሲባል እንደገና በመርፌ መወጋት ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከዚህ በፊት የተወሰደው ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጧል። እንደገና የሚታየው እሱው ነው።

መስኮቱ ላይ ስትቆሚ የሚጠቅሙሽን ቃላት መጀመሪያ ላስተዋውቅሽ። ከሰውነትሽ የተወሰደው ሥጋ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያ የቀለጠ ሰም ይሞላና እንደ ትንሽ ሳሙና ቁራጭ ይደርቃል። ይህ ብሎክ ይባላል። ብሎኩን በማሽን ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት እንቆርጠዋለን፤ ከጸጉር ክር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ያ ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሐምራዊና ሮዝ ሲቀለም ስላይድ ሆነ ማለት ነው። የተወሰኑ ፕሮቲኖችን ለይቶ የሚያቀልም ሌላ ምርመራም አለ፤ በአጭሩ ኢሚዩኖ እንለዋለን። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከነበረ ደግሞ ብሎክ ውስጥ ያልገባ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይቀራል። እሱ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይወገዳል። ብሎክና ስላይድ ግን ለዓመታት ይቀመጣሉ።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ሙሉው የፓቶሎጂ ሪፖርት፣ ሁሉም ገጽ። በኋላ የወጣ ተጨማሪ ሪፖርት ካለ እሱም።
- መታወቂያ። ሌላ ሰው የሚረከብልሽ ከሆነ በፊርማሽ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ።
- ከሐኪምሽ የተጻፈ የክለሳ (የሁለተኛ አስተያየት) መጠየቂያ።
- የተቀለሙት ስላይዶች፣ የኢሚዩኖዎቹም ጭምር።
- ብሎኩ ወይም ከብሎኩ የተቆረጡ ያልተቀለሙ ስላይዶች።
- የማሞግራፊ፣ የአልትራሳውንድ፣ የኤምአርአይ ወይም የሲቲ ስካን ሪፖርቶች።
- ከዚህ በፊት ሌላ ባዮፕሲ ከነበረሽ የዚያ ሪፖርት።
- የስላይድ ሣጥን፣ ለስላሳ መጠቅለያና ጠንካራ ካርቶን።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል ጊዜ እንዳለሽ እወቂ

ሐኪምሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ሕክምናዬ ስንት ሳምንት ቢዘገይ አይጎዳኝም?» ብዙ ጊዜ ለክለሳ የሚሆን ጊዜ ይገኛል። ሁሌ ግን አይደለም።

ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ከማይመለስ ውሳኔ በፊት ነው። የወጣ ማህፀን አይመለስም፤ ሙሉ ለሙሉ የተነሳ ጡትም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ ልትጀምሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኬሞው በደንብ ከሠራ ዕጢው ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ዋናውን ዕጢ የሚያሳየው ያ የመጀመሪያ ትንሽ ባዮፕሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኩ የት እንዳለ ኬሞው ሳይጀመር እወቂ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ደም እየፈሰሰሽ ከሆነ፣ አንጀትሽ ከተዘጋ፣ ወይም ጡትሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀልቶና አብጦ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ክለሳ ብለሽ ሕክምና አታዘግዪ። ክለሳው ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

«ሐኪሜ ይቀየመኛል» ብለሽ ከፈራሽ ደግሞ ተይው። ፓቶሎጂስቶች ራሳቸው ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ስላይዱን ይዘው የባልደረባቸውን በር ያንኳኳሉ። በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ሪፖርቱን አንብቢና ጥያቄሽን ጻፊ

«ሁሉንም እንደገና ይዩልኝ» ማለት ይቻላል። ግን ጥያቄው ጠበብ ሲል መልሱም ይጠራል። ሪፖርቱ ላይ «ይመስላል»፣ «ማስቀረት አይቻልም»፣ «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚሉ ቃላት ካገኘሽ አስምሪባቸው። ጸሐፊው ያመነታው እዚያ ላይ ነው። ምስሉና ባዮፕሲው የማይገጥሙ ከሆነም ጻፊው። ለምሳሌ ማሞግራፊው በጣም የሚያጠራጥር ነገር አሳይቶ ባዮፕሲው ምንም የለም ካለ፣ መርፌው ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንደ በሽታው ቦታ ይለያያል።

*ጡት።* ከባዱ ድንበር በወተት ቱቦ ውስጥ ባለ ያልተለመደ የህዋሳት መብዛትና ከቱቦው ባልወጣ ካንሰር መካከል ነው። የመጀመሪያው «አቲፒያ»፣ ሁለተኛው «ዲሲአይኤስ» ተብሎ ይጻፋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 115 የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች የጡት ስላይዶችን እንዲያዩ አድርጎ ነበር። ለማነጻጸሪያ መልሱን ከወሰነው የባለሙያዎች ቡድን ጋር በወራሪ ካንሰር (ከቱቦው በወጣው) ላይ 96 በመቶ፣ በዲሲአይኤስ ላይ 84 በመቶ ተስማሙ። በአቲፒያ ላይ ግን ስምምነቱ 48 በመቶ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ኬዝ የተሰጣቸው አንድ ስላይድ መሆኑን ልብ በይ፤ በሥራ ላይ ከዚያ በላይ ያያሉ። ቢሆንም ሪፖርትሽ እነዚህን ሁለት ቃላት ከያዘ ክለሳው ትርጉም አለው።

ቀጥሎ ኢአርና ፒአርን (የሆርሞን መቀበያዎች ናቸው) እንዲሁም ኸር2ን (ህዋስ እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን ነው) ተመልከቺ። የሆርሞን መድኃኒትና ኸር2ን የሚያጠቁ መድኃኒቶች የሚታዘዙት በነዚህ ነው። ኸር2 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ይጻፋል። 3+ ፖዚቲቭ ነው። 2+ ግን «ገና አልተለየም» ማለት ነው፤ ፊሽ የሚባለው ወይም የሱ ዓይነት የጂን ምርመራ መከተል አለበት። ሪፖርትሽ 2+ ብሎ እዚያው ካቆመ ጥያቄሽ ተገኘ። ኢአር 1 በመቶ ከደረሰ ፖዚቲቭ ይባላል። ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው «ዝቅተኛ ፖዚቲቭ» ስለሆነ እሱም መታየት አለበት። ሁሉም ኔጋቲቭ ሆኖ ዕጢው ግሬድ 1 (ህዋሱ ከጤነኛው ብዙ ያልራቀ) ከተባለ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ጠይቂ።

ኔጋቲቭ የሆነው በሽታው ስለሆነ ነው ወይስ ናሙናው ስለተበላሸ? ለጡት ናሙና መመሪያው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ከዚያ ካነሰ ወይም ከበዛ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ «በስላይዱ ላይ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦ ቀለም ወስዷል ወይ?» ብለሽ አስጠይቂ። ጤነኛው ቱቦ ለኢአር ካልቀለመ የዕጢው ኔጋቲቭ አይታመንም።

*ማህፀን።* በአቲፒያና በግሬድ 1 ካንሰር መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው። ገና መውለድ ለምትፈልግ ሴት ይህ ልዩነት ማህፀኗን ሊያተርፍ ወይም ሊያሳጣ ይችላል። ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ የፒ53 ኢሚዩኖ፣ እንዲሁም ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 የሚባሉት አራት ፕሮቲኖች ተሠርተው እንደሆነ እዪ። አራቱ ሕክምና ከመምረጥ አልፈው በቤተሰብ የሚተላለፍ ችግር መኖሩን ይጠቁማሉ።

*የማህፀን በር።* ቅድመ ካንሰር ከሆነ ሲን 2 (መካከለኛ ደረጃ ያለው የህዋስ ለውጥ) ብዙ የሚያከራክር ነው፤ ፒ16 የሚባል ኢሚዩኖ ይረዳል። ካንሰር ከሆነ ጥልቀቱ በሚሊሜትር ይለካል። 3 ሚሊሜትርና 5 ሚሊሜትር ደረጃውን የሚቀይሩ መስመሮች ናቸው። 2.8 ወይም 3.2 ከተጻፈ እንደገና ማስለካቱ አይበዛም።

*ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ)።* ሁለት ጥያቄ። ድንበር ላይ ያለ ዕጢ ነው ወይስ ካንሰር? ከኦቫሪው ነው የጀመረው ወይስ ከጨጓራ፣ ከአንጀት ወይም ከትርፍ አንጀት የመጣ? በተለይ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሺ።

ደረጃ 3፦ የሚያይልሽን ሰው ምረጪ

ስም ያለው ሆስፒታል መሆኑ ብቻ አይበቃም። የጡት ወይም የማህፀንና የኦቫሪ ፓቶሎጂ በየዕለቱ የሚያይ ሰው ነው የምትፈልጊው። ስላይድ ከመውሰድሽ በፊት ደውለሽ እነዚህን ጠይቂ፦ ብሎክ ነው የምትፈልጉት ወይስ ያልተቀለመ ስላይድ፣ ስንት? ኢሚዩኖ እዚያው ይሠራል? በፊርማ የወጣ ሪፖርት ትሰጣላችሁ? ስንት ቀን ይፈጃል? ክፍያውስ?

ቦታው ሩቅ ከሆነ ስላይዱን በስካነር አንሥቶ በኢንተርኔት መላክ ይቻላል። ስካነር ግን ስካነር ነው። ስልክ ማይክሮስኮፕ ላይ ደግኖ የተነሣ ፎቶ ክለሳ አይሆንም። አንሺው የመረጠውን ቦታ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የተሳተውም ነገር ያልተነሣው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ስላይድና ብሎኩን ከላቦራቶሪው ጠይቂ

መስኮቱ ላይ «ናሙናዬን ስጡኝ» ብቻ ካልሽ ከኛ ብዙ ጥያቄ ይመጣብሻል። እንዲህ በይ፦ «ለሁለተኛ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን ስላይዶች በውሰት እፈልጋለሁ። ከዋናው ዕጢ ብሎክ ደግሞ ለኢሚዩኖ የሚሆኑ ያልተቀለሙ ስላይዶች ቁረጡልኝ።» ቁጥሩን ተቀባዩ የነገረሽን ያህል ተናገሪ።

ለምን የመጀመሪያዎቹ? ብሎክ በተቆረጠ ቁጥር አንድ ንጣፍ ይሄዳል። የሚያከራክረው ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ከነበረ አዲሱ ቁራጭ ላይ ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ሰው «ምንም አላየሁም» ይላል፤ ያልተስማማ ይመስልሻል። እውነቱ ግን ሁለቱ ያዩት ሌላ ሌላ ነገር ነው።

ለምን «ለኢሚዩኖ የሚሆኑ»? ተራ መስታወት ላይ የተለጠፈ ቁራጭ በኢሚዩኖ ሂደት ታጥቦ ይሄዳል። የሚይዝ ልዩ መስታወት አለ። ያልተቀለመ ስላይድ ሲቆይ ደግሞ አንዳንድ ፕሮቲኖች ይደክማሉ፤ ፖዚቲቭ የነበረው ኔጋቲቭ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ሳይታወቅ አስቀድመሽ አታስቆርጪ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ብሎኩ ውስጥ ስንት ሥጋ ቀርቷል?» ብለሽ ጠይቂ። የመርፌ ባዮፕሲ ትንሽ ነው፤ ደጋግሞ ሲቆረጥ ያልቃል። ለወደፊት የጂን ምርመራ የሚሆን መቅረት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ በቀጭን መርፌ የተቀዳ ወይም ከማህፀን በር የተጠረገ የህዋስ ስላይድ ብሎክ ላይኖረው ይችላል። ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ምትክ የለውም። ከመውጣቱ በፊት በስካነር እንዲነሣ ጠይቂ፤ ካልተቻለ በእጅሽ ወይም በታመነ ሰው እጅ ይሂድ።

ደረጃ 5፦ ቆጥረሽ ተረከቢ

በእያንዳንዱ ስላይድ ጫፍ የናሙና ቁጥር አለ። ከሪፖርቱ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀኝ ወይስ ግራ፣ ቀን። አንዴ እኔ ራሴ 1 እና 7 አምታትቼ የሌላ ሴት ስላይድ ከአንዲት እናት ሣጥን ውስጥ ጨምሬ ነበር። ያወቀችው ልጇ ነበረች፤ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማ ስትቆጥር። ቆጠራው ደቂቃ አይፈጅም።

ስንት ስላይድና ስንት ብሎክ እንደወጣ በወረቀት አስፈርሚና ቅጂውን ያዢ።

ደረጃ 6፦ የታሪክ ወረቀት አዘጋጂ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ፓቶሎጂስቱ አንቺን አያይሽም፤ ህዋስሽን ብቻ ነው የሚያየው። ህዋስ ደግሞ ያለ ታሪክ ያታልላል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሐኪምሽ ቢጽፈው ይመረጣል፤ ካልሆነ አንቺ ጻፊና ያርምልሽ።

- ዕድሜሽ፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን፣ አርጠሽ ከሆነ መቼ እንደሆነ።
- እርጉዝ ነሽ ወይስ ታጠቢያለሽ? የምታጠባ ሴት የጡት ህዋስ ሥራ ላይ ስለሆነ ያልለመደን ዓይን ያስደነግጣል።
- የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ሆርሞን ወይም ታሞክሲፈን (የጡት ካንሰር የሆርሞን ክኒን)። ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒቶች የማህፀንን ሽፋን መልኩን ይቀይሩታል። ታሞክሲፈንም ማህፀን ላይ ለውጥ ያመጣል።
- ጨረር ወይም ኬሞ ወስደሽ ታውቂያለሽ? ጨረር ያገኘው ጤነኛ ህዋስ ካንሰር ሊመስል ይችላል።
- ከዚህ በፊት ካንሰር ነበረብሽ? የት? የቀድሞው ስላይድ ካለ አብሮ ይሂድ፤ አዲስ በሽታ ነው ወይስ የድሮው ተመልሶ የሚለው ጎን ለጎን ሲታይ ይለያል።
- ናሙናው ከየት ተወሰደ፣ በምስል ላይስ ምን ታየ?
- በደረጃ 2 የጻፍሽው ጥያቄ።

የመጀመሪያውን ሪፖርት ደብቄ ብልክ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ «እንዳይከተለው» ነው ነገሩ። አትደብቂ። ክለሳው የመጀመሪያው ሰው ምን ዓይቶ ምን እንዳለ ሳያውቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ማጓጓዝ

ስላይድ መስታወት ነው። በፕላስቲክ ሣጥኑ ውስጥ ካስገባሽ በኋላ ስትነቀንቂው ድምፅ ካሰማ የሚንቀሳቀስ አለ ማለት ነው፤ ሙዪው። ሣጥኑን ጠቅልለሽ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አድርጊ። ብሎኩ ለብቻው ይሁን። ሰሙ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትተሽው አትሂጂ። ፍሪጅም አያስፈልገውም።

የሚቻል ከሆነ ብሎኩና ስላይዶቹ በአንድ ቀን በአንድ ዕቃ አይሂዱ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይቀራል። በፖስታ ከሆነ መከታተያ ቁጥር ያለው ይሁን።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጪ

በስልክ የተነገረሽን ይዘሽ አትወስኚ፤ የተፈረመ ወረቀት ጠብቂ። ከዚያ እነዚህን በተራ አነጻጽሪ፦ የካንሰሩ ዓይነት፣ ወራሪ ነው አይደለም፣ ግሬዱ፣ መጠኑ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው ወይ፣ የደምና የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ስንት ንፍፊት ታይቶ ስንቱ ተነክቷል፣ ኢአር፣ ፒአር፣ ኸር2።

ልዩነት ሁሉ አያስደነግጥሽ። ግሬድ 2 ወደ 3 መሆኑ ወይም የ2 ሚሊሜትር ልዩነት ሕክምናውን ላይቀይር ይችላል። ሐኪምሽን የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ «ይህ ልዩነት የምወስደውን ሕክምና ይቀይራል?»

ደረጃ 9፦ ካልተስማሙ

ሁለተኛው ሁለተኛ ስለሆነ ብቻ ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ስላይድ መሆኑን አረጋግጪ። ቀጥሎ ሁለቱ ፓቶሎጂስቶች በቀጥታ እንዲነጋገሩ በሐኪምሽ በኩል ጠይቂ። ብዙው ልዩነት እዚህ ይፈታል፤ አንዱ ያየውን ኢሚዩኖ ሌላው አላየ ይሆናል። ካልተፈታ ሦስተኛ ባለሙያ፣ ተጨማሪ ኢሚዩኖ ወይም የጂን ምርመራ ይታሰባል። ናሙናው ራሱ ትንሽ ወይም የተበላሸ ከሆነ ግን አሥር ሰው ቢያየውም መልስ አይወጣውም። አዲስ ባዮፕሲ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ፣ ኦንኮሎጂስቱ፣ ራዲዮሎጂስቱና ፓቶሎጂስቱ አብረው የሚቀመጡበት የቲዩመር ቦርድ ካለ ኬዝሽ እዚያ እንዲቀርብ አሳስቢ።

ደረጃ 10፦ መልሺ

አዲሱን ሪፖርት ለሐኪምሽም ለመጀመሪያው ላቦራቶሪም ስጪ። ስላይዶቹንና ብሎኩን በተረከብሽበት ወረቀት ቆጥረሽ መልሺ። ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ ብሎክ ከሁለት ዓመት በኋላ የጂን ምርመራ ሲታዘዝ ማንም አያገኘውም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የሪፖርቱን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ፎቶ አንሥቶ መላክ። የናሙናው ቦታና መጠን ያለው ሌሎቹ ገጾች ላይ ነው።
- የሐምራዊና ሮዝ ስላይዶቹን ወስዶ የኢሚዩኖዎቹን መተው። ከሌላ ክፍል ስለሚወጡ ለይተሽ ጠይቂ።
- በየትኛው ብሎክ ዕጢው እንዳለ ሳይጠይቁ ማስቆረጥ። ከአንድ ቀዶ ሕክምና 20 ብሎክ ሊወጣ ይችላል፤ ከፊሉ ስብ ብቻ ነው።
- ስላይዱን በእጅ መጥረግ ወይም ላዩ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ። ፓቶሎጂስቱ ያስቀመጣቸው የቀለም ነጥቦችም ምልክቶች ናቸው፤ አታጥፊያቸው።
- ክለሳው እስኪመጣ መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም። ኬሞ ወይም የሆርሞን ክኒን ጀምረሽ ከሆነ ሐኪምሽ አቁሚ እስካላለሽ ድረስ ቀጥዪ።